ሸጋ በአዊኛ የመለሰችው

የምሥራች ትዕዛዙ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የምትታወቀው በአባቷ ነበር። አባቷ ግቢውን ረግጦት አያውቅም፤ ስሙን ያስገባችው እሷ ናት።

ሁለተኛ ዓመት ሳለች ለሴቶች ቀን በተዘጋጀው በዓል ላይ የሥርዓተ ፆታ ክበቡን ወክላ እንድትናገር ተመረጠች። ከእሷ በፊት የወጡት ስለ ሕግና ስለ አንቀጽ ሲያወሩ ተማሪው ስልኩን ይነካካ ነበር። እሷ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለ መንደር የተወለደች የገበሬ ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ሽማግሌ እንደተላከባት፣ አባቷ ግን "ልጄ ትማራለች" ብሎ ሽማግሌዎቹን ከደጅ እንደመለሳቸው ነገረቻቸው። "የሴት እኩልነት ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል ሰው መጥቶ የኔን አባት ይይ" አለች። ጭብጨባው ቶሎ አልበረደም። ከዚያ ወዲህ የማታውቃቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ በምግብ ሰልፍ ላይ ስለ አባቷ ይጠይቋት ጀመር።

የምሥራች ያወራችውን ታሪክ በዐይኗ አላየችውም። ሽማግሌ በተላከበት ሰሞን እናቷ ሸጋ፣ አክስትሽ ታማለችና ሄደሽ አግዣት ብላ ዳንግላ ሰድዳት ነበር። አክስቷ ደህና ነበረች፤ ለምን እንደመጣች ስትነግራት ተቀብላ አሳደረቻት እንጂ ምንም አላለቻትም። ከርማ ስትመለስ ጋብቻው ፈርሷል፤ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ተፈቅዶላታል። የእናቷ ግራ ክንድ ግን በቀርከሃ ተደግፎ በወጌሻ ታስሮ ቆያት። እንጨት ተሸክሜ ስወርድ አዳልጦኝ ነው አለቻት እናቷ። ክንዱ ዳነ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም።

አባቷ ትዕዛዙ ሽማግሌ እንዴት እንደመለሰ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ እየሰማች አደገች፤ አመነችውም። ሲቆጣ እጁን እንደሚያነሣም ታውቃለች። በግድግዳው ማዶ የሰማቻቸው ነገሮች ነበሩ፤ ያኔ ፊቷን አዙራ ጆሮዋን በጋቢ ትሸፍን ነበር። ክንዱንና ጋብቻውን አገናኝታ አስባቸው አታውቅም። ወይም ሊገናኙ ሲሉ ቶሎ ሌላ ነገር ማሰብ ትጀምራለች።

ፌሚኒዝም የሚለውን ቃል የሰማችው ግቢ ከገባች በኋላ ነው። በመኝታ ክፍላቸው ሴቶቹ ማታ ማታ ይከራከሩ ነበር። አንዷ፣ ወንድ ሁሉ አንድ ነው ትላለች፤ ሌላዋ፣ የኛ ባህል ሴትን ያከብራል ትላለች፤ ሦስተኛዋ ተኙ በቃ ትላለች። የምሥራች ቃሉን ወደደችው። ምክንያቱም ለሌሎቹ ንድፈ ሐሳብ የሆነው ነገር እሷ ቤት በሥጋና በደም ያለ መሰላት። ክርክሩ ሲጠና አባቷን ታነሣለች፤ ክርክሩም ያልቃል። የቅርብ ጓደኛዋ አምሳለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አባቷ በልጅነቷ ጥሏት የሄደ። "ታድለሽ" ትላት ነበር፤ እሷም ትቀበለው ነበር።

የዚያን ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ በስልክ የቀረጹትን ንግግሯን ለቤተሰቧ አሳየቻቸው። ትዕዛዙ ደጋግሞ እንዲታይለት ፈለገ፤ ጎረቤት ጠርቶም አሳየ። ሸጋ ቆማ አየችው። ሲያልቅ፣ ጥሩ ተናግረሻል ብላ ጥጃውን ልትመልስ ወጣች። የምሥራች፣ እናቷ አማርኛው ፈጥኖባት ነው ብላ አሰበች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህርት ሀይማኖት የሚባሉ ስለ ሥርዓተ ፆታና ማኅበረሰብ የሚያስተምሩ መምህርት ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ከፍለው በገጠር ያገቡ ሴቶችን እንዲያነጋግሩ ላኳቸው። ወሩ ኅዳር ነበር። አምሳለና የምሥራች አንድ ላይ ተመደቡ። አምሳለ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፤ የምሥራች በአዊኛ የተነገረውን ወደ አማርኛ ትመልሳለች። መምህርቷ ከመሄዳቸው በፊት ለሚተረጉሙት ለብቻ ነግረዋቸዋል፤ ሴቶቹ ያሉትን እንዳሉት መልሱ፣ አታሳጥሩ፣ አታሳምሩም አሏቸው።

የምሥራች እንደተባለችው አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች የሰማችውን አንድ ሳታስቀር መለሰች። አንዲት ሴት ባሏ ወንድ ልጅ ስላልወለደችለት ያደረሰባትን ስትናገር አምሳለ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ የምሥራች ግን ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ቃል በቃል ተረጎመች። በዚህም በራሷ ኮራች። የሰው ገመና በእጇ ሲያልፍ እጇን አላቃጠላትም።

የመጨረሻዋ ሴት ለቅሶ ሄዳ አጧት። ቀኑ ገና ነበር፤ የምሥራች ቤት ደግሞ ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ባሻገር ነው። አምሳለ፣ ለምን እናትሽን አንጠይቅም፣ በዚያውም አባትሽን አያለሁ አለች። የምሥራች፣ የራስ ሰው አይሆንም ለማለት ሞከረች። ግን አጥብቃ አልከለከለችም። ከለከልሁ ካለች ለምን እንደሆነ ልትጠየቅ ነው።

ትዕዛዙ አጥሩ ሥር ፈረሱን ሲያብስ አገኙት። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ለእንግዳ የሚሆን ሰው ነው። አማርኛው ጥሩ ነው። ለአምሳለ የቀርከሃ ወንበሩን ራሱ አወጣላት፤ ሸጋ ትኩስ ድንችና አዋዜ ስታቀርብም ሳህኑን ከእጇ ተቀብሎ ለእንግዳዋ አደረሰላት። ሴትና ወንድ እግዜር እኩል እንደፈጠራቸው፣ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅበት እሱ ልጁን እንዳስተማረ ነገራት። አምሳለ ከፈረሱ ጋር ፎቶ አነሣችው። ከዚያ ወይዘሮ ሸጋን ለብቻቸው ማነጋገር እንዳለባት በጨዋ ደንብ ስትነግረው፣ "የሴት ወግ የሴት ነው" ብሎ እየሳቀ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ይዞ ወረደ።

ሸጋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በአማርኛ መለሰች። እንጅባራ ገበያ ድንች ስለምትሸጥ ለዕድሜና ለልጆች ብዛት የሚሆን አማርኛ አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን በአዊኛ ልናገር አለች።

አምሳለ፣ ከሰሉን ለመሸጥ ማን ይወስናል ብላ ጠየቀች። ሸጋ፣ እሱ ነው፣ እኔ ሲጫን አያለሁ ብላ መለሰች። የምሥራች፣ አብረን እንመክራለን ትላለች ብላ አስተላለፈች። ለምን እንዲህ እንዳለች አላወቀችም። አባቷ ከወጣ ገና የእግሩ ኮቴ አልጠፋም፤ አምሳለም ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

ቀጣዩ ጥያቄ በሁሉም ቤት የጠየቁት ነው። "ባለቤትዎ መትተውዎት ያውቃሉ?"

የምሥራች ወደ አዊኛ መለሰችው።  ሸጋ ዐይኗን ከአምሳለ ላይ አንሥታ ልጇ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ገበያ ውላ የመጣችበትን የምትነግር ይመስል ረጋ ብላ ጀመረች።

"መትቶኛል። ይህን ክንዴን የሰበረው እሱ ነው" አለች በአዊኛ። "ይችን ልጅ ሊድራት እሽ ብሎ ነበር። እኔ ዳንግላ አሸሸኋትና ተደብቄ ትምህርት ቤቷ ሄጄ ተናገርሁ። ሰዎች መጥተው ከለከሉት። የነገርኋቸው እኔ መሆኔን ሲያውቅ በመጥረቢያ እጀታ መታኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሚጠይቅ ሰው ቤቴ ድረስ ሲመጣ ግን ልናገረው ብዬ ነው።"

አምሳለ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠበቀች።

የምሥራች የሰማችውን ሁሉ ሰምታለች። አንድም ቃል አላመለጣትም። አፏ ግን ሌላ ተናገረ። "መትቶኝ አያውቅም ትላለች" አለች። "በሰላም ነው የኖርነው ትላለች።"

አምሳለ ንግግሩ ረዘም ያለ መስሏት ሌላም ነገር ያሉ አይመስልም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ስለ ቤታቸው ሰላም ነው አለች የምሥራች። አምሳለ ጻፈች። ሸጋ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ክንዷን ሸፈነች። ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን ሁሉ በአማርኛ "አዎ" ወይም "የለም" እያለች መለሰች። ጥያቄው ሳያልቅም ላሞቹ ይመጣሉ ብላ ተነሣች።

በመልሱ ጉዞ ባጃጁ ውስጥ አምሳለ ስታወራ ነበር። እንዲህ ያለ ቤትም አለ ለካ፣ መምህርታችን ደስ ይላቸዋል አለች። የምሥራች በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የከሰል ጆንያዎች እያየች ራሷን ነቀነቀች። ክንዶቿን አጣምራ ጥጉን ያዘች። አምሳለ ብርድ ነው ብላ ፎጣዋን አለበሰቻት። ይህ ደግነት ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

በቀጣዮቹ ቀናት ለራሷ ምክንያት ስትፈልግ ሰነበተች። የቤት ገመና ነው አለች። ግን የሌሎቹን ሴቶች ገመና ያለ ርኅራኄ ተርጉማዋለች። ለእናቴ ደኅንነት ብዬ ነው አለች። ግን እናቷ ያንን አልጠየቀቻትም፤ ስትናገርም አልፈራችም። ለአባቴ ክብር ነው አለች። እዚህ ላይ ለእውነቱ ትንሽ ቀረበች፤ የአባቷ ክብር ግቢው ውስጥ ያለው በእሷ ስም ነውና። ሽማግሌ የመለሰው አባት ከሌለ፣ በመድረክ የተጨበጨበላት ልጅም የለችም። በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የእናቷን ሥራ ለአባቷ አልብሳዋለች። እናቷ ደግሞ ያንን ምስል ቆማ አይታ ጥሩ ተናግረሻል ብላታለች። ይህን ስታስብ ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷ ይግል ነበር። ለፈተና የሚሆነውን ማንበቢያ ስትከፍት "የሴቶችን ድምፅ ማሰማት" የሚል ርእስ አገኘች፤ መልሳ ዘጋችው።

ቡድኑ ሪፖርቱን ከማስገባቱ በፊት መምህርት ሀይማኖት ቢሮ ሄደች። ከእናቷ ጋር የተደረገው ቃለ መጠይቅ እንዲወጣ ጠየቀቻቸው።

"ለምን?" አሏት።

"ያሉትን አልተረጎምሁም። ሌላ ነው የተናገርሁት።"

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ምን እንዳሉ አልጠየቋትም፤ አልተቆጧትምም። ሌሎቹ ቃለ መጠይቆችስ ብለው ጠየቋት። ሌሎቹ ትክክል ናቸው አለች። መምህርቷ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም አዊኛ በሚችል በሌላ ሰው ደግሞ መጣራት አለበት አሉ። የምሥራች ይህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ግን በክፍሉ ውስጥ ቃሏ የማይታመን ብቸኛዋ አስተርጓሚ ሆና መውጣት እንዴት እንደሚከብድ አላወቀችም ነበር። አምሳለ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ልፋታችንን አበላሸሽው አለች። ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናትሽ ምን ብለው ነበር ብላ ጠየቀቻት። የምሥራች ልነግርሽ አልችልም አለቻት። ይህን መናገር የሚገባት በዚያች በአንዲት ሰዓት ነበር፤ ያች ሰዓት ካለፈች በኋላ ነገሩ የእሷ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደች። አባቷ የለም። እናቷ ከቤቱ ጀርባ ድንች ትቆፍራለች፤ በደኅናው እጇ ቆፍራ በታጠፈው ክንዷ ቅርጫቱን ደገፍ ታደርገዋለች። የምሥራች ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። አንድ ቅርጫት አብረው ሞሉ።

"እማ፣ ያን ቀን..." አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ" አለች ሸጋ። "የኔ አማርኛ የገበያ ነው። ግን 'መትቶኝ አያውቅም' የሚለውን ለመስማት ይበቃል።"

የምሥራች እጇ ከነአፈሩ ቀረ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከባጃጅ እስክትወርድ ስትደጋግመው የመጣችው። እሱን ትታ ሌላ ድንች ከአፈሩ አወጣች። ሸጋ መቆፈሯን ሳታቆም ቀጠለች።

"እኔም ደብቄዋለሁ፤ ስለ መደበቅ አልቆጣሽም። እኔ የደበቅሁት አንቺ አባትሽን እንዳትጠዪው፣ ልብሽ ሳይከፈል እንድትማሪ ነው። አንቺ ግን ለማን ብለሽ ነው የደበቅሽው?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። የምሥራች አንገቷን ደፍታ ድንች ለቀመች። ማልቀስም አፈረች፤ ብታለቅስ እናቷ ልታጽናናት ነው፣ ይህም ሌላ ዕዳ ይሆናል። ሸጋ ጥያቄዋን አልደገመችውም። ቅርጫቱን አብረው ተሸክመው ገቡ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የምሥራች አንድ ጥፋት ብቻ ይዛ ትኖር ነበር። ግን ማረም ያለባት መሰላት። ያጠፋችውን ፊት ለፊት፣ በሰው መሀል ማስተካከል አለብኝ ብላ ቆረጠች። ይህን ስትቆርጥ እናቷን አላማከረችም።

በጥር የፈረሰኞች በዓል በዋለ ማግስት ትዕዛዙ አብረውት የጋለቡትን ጎረቤቶች ቤቱ ጠራ። የምሥራችም ለዕረፍት መጥታ ነበር። ቤቱ ሞቆ፣ ጠላው ወርዶ፣ ወሬው ከፈረስ ወደ ልጅ ዞረ። ምህረቴ የሚባሉ ሽማግሌ የምሥራችን እያመሰገኑ የልጅ ልጃቸውም እንደሷ እንድትሆን ተመኙ። ትዕዛዙ ጢሙን ጠርጎ የለመደውን ጀመረ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ በዚያ በር ሊገቡ ሲሉ እሱ ምን እንዳላቸው።

"አባ፣ ጋብቻውን ያፈረሰችው እማ ናት" አለች የምሥራች። በአዊኛ ነበር የተናገረችው፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አንተ እሽ ብለህ ነበር። ክንዷም የተሰበረው በዚያ ነው።"

 ትዕዛዙ ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። አልተቆጣም፤ ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ተራግፎ የወደቀ መሰለ። እንግዶቹ አንዱ የሌላውን ዐይን እየሸሹ መሬት መሬት አዩ። የምሥራች ወደ እናቷ ዞረች። በዚያች ቅጽበት የጠበቀችውን በኋላ ለራሷ መናገር ታፍር ነበር፤ እናቷ ቀና ብላ እንድታያት፣ ምናልባትም እንድትመርቃት ጠብቃ ነበር። ሸጋ የጠላ ማሰሮውን አቅፋ ቆማለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቤቷ ውስጥ በሰው ሁሉ መሀል ልብሷ የተገፈፈ ሴት ነበር የምትመስለው። አባ ምህረቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው የአንዱ ፈረስ ሰኮና መሰንጠቁን አነሡ፤ ሌሎቹም እየተጋፉ ተቀበሏቸው። ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ትዕዛዙም ፈረሱን ሊያይ ወጣ።

ሸጋ ዋንጫዎቹን ሰብስባ ስታበቃ ከልጇ ፊት ቆመች።

"ያን ጊዜ ቃሌን ዋጥሽው" አለቻት። "ዛሬ ደግሞ ሳትጠይቂኝ አውጥተሽ በተንሽው። መቼ ነው የኔ የሚሆነው?"

የምሥራች ግቢ የሚጠብቃትን ትምህርት ትታ ቤት ቆየች። አባቷ እናቷን ይጎዳታል ብላ ፈርታ ነበር። ትዕዛዙ ግን እጁን አላነሣም። ይበላል፣ ወደ ደኑ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ልጁን ደኅና አደርሽ ይላታል፤ ከዚያ የሚያልፍ የለም። ከባዱን የተሸከመችው ሸጋ ናት። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። አንዳንዷ ታዝንላታለች፤ አንዳንዷ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደብቃ አሁን በልጇ አስነገረች ትላለች። እናቷ ያልጠየቀችውን ሐዘኔታና ያልተገባትን ሐሜት በአንድ እንስራ ተሸክማ ስትወጣ የምሥራች ከበሩ ላይ ታያት ነበር።

ግቢ ከተመለሰች በኋላ የሴቶች ቀን ደረሰ። ክበቡ ያንን ንግግርሽን ድገሚልን አላት። አልችልም አለች። ለምን ሲሏት አሞኛል አለች፤ ይህም ውሸት በመሆኑ ደግሞ አፈረች። በበዓሉ ቀን ከኋላ ተቀምጣ ሌሎቹን ሰማች። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ እናቷ ስትናገር፣ ይህች ልጅ እናቷን ጠይቃ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ያን ጊዜ እሷን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር ምን ትመልስ እንደነበር አሰበች። ለአምሳለ በዚያ ሰሞን እንዲህ አለቻት፦ እኩልነት ሲባል እኔ ሁልጊዜ የማስበው መናገር የተከለከለችውን ሴትና የሚከለክላትን ወንድ ነበር፤ የራሷ ሴት ልጅ ልትከለክላት እንደምትችል አስቤ አላውቅም። አምሳለ ምን ማለቷ እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አልገባትም፤ ግን አልጨቀጨቀቻትም። የአባቷን ነገርም ከዚያ ወዲህ አላነሣችባትም።

ለፋሲካ ቤት ስትመጣ ወላጆቿ የዲከረንሱን እንጨት ቆርጠው፣ ከምረው፣ በሣርና በአፈር ደፍነው ከሰል እያከሰሉ ነበር። ክምሩ አየር እንዳይገባው መጠበቅ አለበት፤ ጢስ ቀዳዳ አግኝቶ ሲወጣ ቶሎ አፈር ካልተደረገበት እንጨቱ ነድዶ አመድ ይሆናል። የምሥራች ከእናቷ ጋር ተቀመጠች። ለመናገር አልመጣችም። ስለ ይቅርታም አላነሣችም፤ ይቅርታ መጠየቅም እናቷን መልስ ስጭኝ ብሎ ማስጨነቅ ሆኖ ይታያት ጀምሮ ነበር። ጢስ ባየች ቁጥር ተነሥታ አፈር ታደርጋለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሸጋ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ብቻዋን ሳቅ አለች።

"ያን ቀን ትምህርት ቤት ስሄድ" አለች፣ "ዲሬክተሩ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። በሩ ላይ ትልቅ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። እሱ ነው ብዬ ከእግሩ ወድቄ የሆዴን ሁሉ ነገርሁት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ 'እናቴ፣ እኔ ዘበኛ ነኝ' አይለኝም?"

የምሥራች ሳታስበው ሳቀች። እናቷም ደገመች። ዘበኛው እጇን ይዞ ወደ ቢሮ እንዳስገባት፣ ዲሬክተሩ ፊት ሁለተኛ ስትናገር ድፍረቱን እንደለመደችው፣ ስትመለስም ሰው ቢጠይቃት ጨው ልትገዛ የወጣች እንድትመስል ጨው ገዝታ እንደገባች ነገረቻት። የምሥራች አላቋረጠቻትም። ያች መንገድ በእሷ ምክንያት የተሄደች መሆኗን፣ እሷም ይህን ሁሉ ዓመት ምንም ሳትጠይቅ በላይዋ ላይ ተራምዳ ትምህርት ቤት መመላለሷን እያሰበች ሰማች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ሳይጠፋ ኀፍረቱ ከሥሩ መጣ።

ሳቃቸውን ሰምቶ ይሁን አይታወቅም፣ ትዕዛዙ አካፋውን ይዞ ከቤት በኩል መጣ። በክምሩ ማዶ ቆሞ ወደ ሁለቱ አየ።

"ምን አሳቃችሁ?" አለ።

የምሥራች ለመመለስ አፏን አልከፈተችም። ወደ እናቷም አላየችም። መሬቱን እያየች ጠበቀች።

"ስለ ዘበኛው ነው" አለች ሸጋ።

"የምን ዘበኛ?"

"የትምህርት ቤቱ። ያን ጊዜ የሄድሁ ዕለት ያገኘሁት።"

  በትዕዛዙ በኩል ጢስ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ አፈር ያደርግበት ጀመር። ከሚበቃው በላይ አደረገበት። ሸጋ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ የጨው ሻጯ ምን እንዳለቻት ትነግራት ጀመር።